በሰው ወርቅ የደመቀ ቡድን
የሞንትሪያል ሮያልስ ታሪክ፣ ከ1897 እስከ 1960

ኤፕሪል 10 ቀን 1947 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ሁለት ቡድኖች የወዳጅነት የቤዝቦል ጨዋታ ያደርጋሉ። አንደኛው ባለሜዳው ብሩክሊን ዶጀርስ፣ ሌላው ከካናዳ የመጣው ሞንትሪያል ሮያልስ ነው። ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ለጋዜጠኞች አንዲት አጭር ወረቀት ታደለች። ብሩክሊን የጃኪ ሮቢንሰንን ውል ከሞንትሪያል ገዝቷል፤ ተጫዋቹም ሳይውል ሳያድር ቡድኑን ይቀላቀላል ትላለች። በአሜሪካ ዋና ሊጎች ለጥቁር ሰው ከ60 ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየው በር የተከፈተው በዚህች ወረቀት ነው። ወረቀቷ ስትታደል ሮቢንሰን በጨዋታ ላይ ነበር። የለበሰው ግን የብሩክሊንን መለያ አልነበረም፤ የሞንትሪያልን ነበር።

ከዚያ ቀን የታሪክ መጻሕፍት የመዘገቡት ተቀባዩን ነው። ሰጪው ቡድን ዛሬ የለም። ከ1960 በኋላ ስሙን የሚሸከም ተጫዋች፣ መዝሙሩን የሚዘምር ደጋፊ፣ በሩን የሚከፍት ስታዲየም አልቀረለትም። በአገራችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። የሞንትሪያል ሮያልስ ዕድሜ ግን በሙሉ የሰው ወርቅ ሲያነጥር ያለፈ ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ለከተማው ምን ተረፈለት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለሌላው የሚያመርት እርሻ

በአሜሪካ ቤዝቦል ከላይ ሁለት ዋና ሊጎች አሉ። ከእነሱ ሥር እንደ ደረጃ መሰላል የሚወርዱ ብዙ አነስተኛ ሊጎች ተዘርግተዋል። ከ1946 ጀምሮ የአነስተኞቹ ከፍተኛ እርከን «ትሪፕል ኤ» ተባለ፤ ሞንትሪያል የነበረበት ኢንተርናሽናል ሊግም እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ በታች እስከ «ዲ» ድረስ የሚወርዱ፣ በትንንሽ የገጠር ከተሞች የሚጫወቱ ቡድኖች ነበሩ።

ድሮ እነዚህ አነስተኛ ቡድኖች ራሳቸውን የቻሉ ነበሩ። ጎበዝ ወጣት ሲያገኙ ያሳድጉታል፤ ሲበስል ለትልቁ ቡድን ይሸጡታል፤ በሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ዓመቱን ይገፋሉ። ይህን አሠራር የለወጠው ብራንች ሪኪ ነው። ሪኪ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኃላፊ ሳለ ቡድኑ ገንዘብ አልነበረውም፤ ከሀብታሞቹ ጋር ተጫራች ሆኖ ተጫዋች መግዛት አይችልም። ስለዚህ በ1920ዎቹ ተጫዋቾቹን ትቶ ተጫዋች የሚያፈሩትን ቡድኖች መግዛትና በውል ማሰር ጀመረ። አሜሪካውያን ይህን ሥርዓት «እርሻ» ብለው ጠሩት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዘሩ የባለቤቱ ነው፤ አዝመራውም የባለቤቱ ነው። አነስተኛው ቡድን ማሳው ነው።

ለደጋፊ ይህ ከባድ ነገር ነው። አሰልጣኙ የተሻለውን ልጅ ላቆይ ቢል ሥልጣን የለውም። ቡድኑ ለዋንጫ ሲገሰግስ ከላይ ስልክ ይደወላል፤ በማግስቱ የተወደደው ተጫዋች ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ የከተማው ሰው የእኔ የሚለው ተጫዋች አለው፤ የመጨረሻው ፍሬ የሚበላው ግን ሌላ ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ ሰዎች ትኬት ይገዙ ነበር። በ1949 በአሜሪካና በአካባቢዋ 59 አነስተኛ ሊጎች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ሜዳ ገብቷል።

ሁለቴ የተወለደ ቡድን

ሞንትሪያል ሮያልስ መጀመሪያ የታየው በ1897 ነው። የሮቸስተር ከተማ ቡድን በውድድሩ መሐል ወደ ሞንትሪያል ተዛወረና በዚያው ቀረ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1898፣ የኢስተርን ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ሊጉ በኋላ ኢንተርናሽናል ሊግ የሚለውን ስም ያዘ። ቡድኑም እስከ 1917 ድረስ አንዴ ሲወድቅ አንዴ ሲነሣ ቆየ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲበረታ ግን ፈረሰ፤ ሞንትሪያልም ለ10 ዓመት ያህል ያለ ቡድን ከረመች።

ሁለተኛው ልደት በ1928 ሆነ። የሐሳቡ ዋና አራማጆች ጆርጅ ስታሊንግስ የተባለው ዝነኛ የቤዝቦል ሰውና የኩቤክ ፖለቲከኛው አታናዝ ዳቪድ ነበሩ። ስታሊንግስ በ1914 የቦስተኑን ብሬቭስ ከመጨረሻ ደረጃ አንሥቶ ለዓለም ሻምፒዮንነት ያበቃ አሰልጣኝ ነው። እነዚህ ሰዎች የጀርሲ ሲቲን ቡድን አመጡና በሞንትሪያል ምሥራቃዊ ክፍል፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰፈር፣ በደሎሪሚየር ጎዳናና በኦንታሪዮ መንገድ መጋጠሚያ ላይ ስታዲየም አሠሩ። ወደ 20,000 ሰው ይይዛል። የስታዲየሙ ቦታ ራሱ ትርጉም ነበረው። የከተማዋ ገንዘብ በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ነበር፤ ሜዳው ግን የተተከለው በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወዝ አደር ደጃፍ ላይ ነው። በደሎሪሚየር ወንበሮች ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

ወዲያው የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣ። ስታዲየሙ በዕዳ ተያዘ። ቡድኑን ያተረፉት ጥቂት የከተማዋ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሄክቶር ራሲን ፕሬዚዳንት ሆኖ ለሁለት አሥርት ዓመታት መርቶታል። ሌላው ሻርል ኤሚል ትሩዶ ነው። ትሩዶ የነዳጅ ማደያዎቹን በ1932 ለአንድ ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ ሸጦ ካገኘው ገንዘብ የተወሰነውን በሮያልስ ላይ አዋለ። በ1935 የጸደይ ወራት ቡድኑ ለልምምድ ፍሎሪዳ በወረደበት ጊዜ አብሮ ሄደ፤ እዚያው በሳንባ ምች ታሞ ሞተ። የ15 ዓመት ልጁ ፒየር ሞንትሪያል ነበር። ያ ልጅ በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ የሻርል የልጅ ልጅ ጀስቲንም እንዲሁ።

ትሩዶ በሞተበት በዚያው ዓመት ቡድኑ ከ37 ዓመት በኋላ የሊጉን አንደኛነት አገኘ። አሰልጣኙ ፍራንክ ሾነሲ ነበር። ሾነሲ ከዋንጫው ይልቅ በሌላ ነገር ይታወሳል። በድቀቱ ዘመን አንድ ቡድን ገና በጁላይ ርቆ ከመራ የሌሎቹ ደጋፊዎች ትኬት መግዛት እንደሚያቆሙ አይቶ ነበር። ስለዚህ ከ1933 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ አራት ቡድኖች በመጨረሻ ጥሎ ማለፍ እንዲጫወቱ የሚያደርግ ሥርዓት አስገባ። አራተኛ የሆነ ቡድን እንኳ እስከ መጨረሻው ተስፋ አለው። ብዙ አነስተኛ ሊጎች ይህን አሠራር ቀድተው ከክስረት ተርፈውበታል። ሾነሲም በ1936 የመላው ኢንተርናሽናል ሊግ ፕሬዚዳንት ሆነና እስከ 1960 በወንበሩ ቆየ።

በ1939 ሮያልስ ከብሩክሊን ዶጀርስ ጋር ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ሞንትሪያል የብሩክሊን የመጨረሻዋ እርከን ሆነች፤ ከደሎሪሚየር ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ዋናው ሊግ ነው። በ1942 መጨረሻ ብራንች ሪኪ፣ ያ የእርሻው አባት፣ ብሩክሊንን ለመምራት መጣ። ከእሱም ጋር አንድ በልቡ የያዘው ሐሳብ አብሮ መጣ።

አንድ የውድድር ዘመን

ከ1880ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በነጮች ሊጎች ጥቁር እንዳይጫወት የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ከጽሑፍ የበረታ ስምምነት ግን ነበር። ሪኪ ይህን ለመስበር የመረጠው የ26 ዓመቱን ጃኪ ሮቢንሰንን ነው። ሮቢንሰን ጆርጂያ ተወልዶ ካሊፎርኒያ ያደገ፣ በዩኒቨርሲቲ በአራት የስፖርት ዓይነቶች የተጫወተ፣ በጦርነቱ ጊዜ ምክትል መቶ አለቃ የነበረ ሰው ነው። በ1944 በአውቶቡስ ኋላ ወንበር አልቀመጥም በማለቱ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ ነፃ ወጥቷል። ኦገስት 28 ቀን 1945 ሪኪ ቢሮው ጠርቶ ለሰዓታት ፈተነው። ስድብ ሲወርድበት ዝም እንዲል፣ እጁን እንዳይሰነዝር ቃል አስገባው። ውሉ በወር 600 ዶላርና 3,500 ዶላር የፊርማ ክፍያ ነበር።

ዜናው ይፋ የሆነው ኦክቶበር 23 ቀን 1945 ነው፤ የተነገረውም ብሩክሊን ሳይሆን ደሎሪሚየር ስታዲየም ውስጥ ነው። ጋዜጠኞቹን የጠራው ሄክቶር ራሲን ነበር። ሪኪ ሞንትሪያልን የመረጠው ዘር የሚለይ ሕግ በሌለበት አገር ሙከራው ትንፋሽ ያገኛል ብሎ ነው። ይህ ማለት ግን ከተማዋ ከጥላቻ የጸዳች ነበረች ማለት አይደለም። የሞንትሪያል ጥቁሮች አብዛኞቹ በሳንት አንትዋን ሰፈር ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ሥራ የባቡር ተሸካሚነትና አስተናጋጅነት ነው። ፍሬድ ክሪስቲ የተባለ ጥቁር ሰው በከተማዋ የሆኪ አዳራሽ ውስጥ ባለ መጠጥ ቤት ቢራ አንሸጥልህም ተብሎ ከስሶ ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1939 ነጋዴው የመከልከል መብት አለው ብሎ ፈረደ። ሮቢንሰን ሞንትሪያል የገባው ከዚህ ፍርድ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ከተማዋ በ1946 ያሳየችው ፍቅር ስለዚህ እንዲያው ያለ ድካም የተገኘ አልነበረም። ሕጓ ያልጠየቃትን ነገር ሕዝቧ በፈቃዱ አደረገ።

ፌብሩዋሪ 1946 ጃኪና ሬቸል ተጋቡ። ወዲያው ለልምምድ ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ ተጓዙ፤ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከአውሮፕላን ወርደው ቦታቸው ለነጮች ተሰጠ። የመጨረሻውን መንገድ በአውቶቡስ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ጨረሱት። ሳንፎርድ ከተማ ሲደርሱ ነጮች ሊያስወጧቸው ነው ስለተባለ በአንድ ሌሊት ለቀው ወጡ። ጃክሰንቪል ላይ ጨዋታው እንዳይካሄድ የስታዲየሙ በር ተቆለፈ። ዴይቶና ቢች ብቻ ፈቀደችላቸውና ማርች 17 ቀን ሮቢንሰን የሮያልስን መለያ ለብሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገባ። ያ ሜዳ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከእሱ ጋር ሌላ ጥቁር ተጫዋችም ነበር፤ ጆን ራይት የተባለ ኳስ ወርዋሪ። በእሱ ምትክ በኋላ ሮይ ፓርትሎ መጣ። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ በኩቤክ ወደሚገኘው የትርዋ ሪቪየር ቡድን ተላኩ። ታሪክ የአንዱን ስም ሲያነሣ የእነሱን ረስቷል፤ ሸክሙን ግን አብረው ተሸክመዋል።

አሰልጣኙ ክሌይ ሆፐር የሚሲሲፒ ሰው ነው። ይህን ነገር በእኔ ላይ አትጣል ብሎ ሪኪን ለምኖ ነበር። ሪኪ አልሰማውም።

ኤፕሪል 18 ቀን 1946 ጀርሲ ሲቲ ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ከ25,000 በላይ ሰው ገብቷል። ሮቢንሰን በመጀመሪያው ሙከራው ምንም አላገኘም። በሦስተኛው ዙር ግን ኳሷን ከአጥሩ ማዶ አሻገራት፤ በአንድ ምት ሦስት ነጥብ ገባ። ቤዞቹን ዞሮ ሲመለስ ቀጣዩ መቺ ጆርጅ ሹባ ቆሞ ጠብቆ እጁን ጨበጠው። በቤዝቦል ሜዳ ላይ ነጭ ተጫዋች ጥቁር ባልደረባውን እንዲህ በአደባባይ ሲቀበል የሚያሳየው ያ ፎቶግራፍ እስካሁን አለ፤ በሹባ የትውልድ ከተማ በያንግስታውን በ2021 ሐውልት ሆኖ ቆሟል። በዚያ ቀን ሮቢንሰን አራት ጊዜ መታ፣ አራት ነጥብ አስገባ፣ ሁለት ቤዝ ሰረቀ፤ ቤዝ መስረቅ ማለት ተጋጣሚው ሳይቀድም ወደሚቀጥለው ምልክት ሮጦ መድረስ ነው። ሮያልስ 14 ለ 1 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት ለአንድ ሰው ብቻውን የሚከብድ ነበር። በባልቲሞር ስድቡ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር። በሲራኪዩስ አንድ የተጋጣሚ ተጫዋች ዘመድህ ነው ብሎ ጥቁር ድመት ወደ ሜዳ ለቀቀ። ሮቢንሰን ለዚህ የመለሰው በዱላው ነው። የምት መጠኑ 0.349 ሆኖ የሊጉ አንደኛ ወጣ። ከ10 ሙከራ ሦስት የተሳካለት መቺ ጎበዝ በሚባልበት ጨዋታ፣ እሱ በየ1,000 ሙከራው 349 ጊዜ ተሳክቶለታል። 40 ቤዝ ሰረቀ፤ 113 ነጥብ አስገባ። ሮያልስ 100 ጨዋታ አሸንፎ ሊጉን በሰፊ ልዩነት መራ።

የመጨረሻው ፈተና የኢንተርናሽናል ሊግ ሻምፒዮን ከአሜሪካን አሶሲዬሽን ሻምፒዮን ጋር የሚገጥምበት «ትንሹ የዓለም ዋንጫ» ነበር። ተጋጣሚው የኬንታኪው ሉዊቪል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ሉዊቪል ላይ ተደረጉ። ሮቢንሰን ዱላ ባነሣ ቁጥር ሜዳው በጩኸትና በፉጨት ይሞላል፤ ዱላውም ዝም አለ። ሉዊቪል 2 ለ 1 መራ። ቡድኖቹ ወደ ሞንትሪያል ሲመጡ ግን የከተማው ሕዝብ ጋዜጣ አንብቦ ጠበቃቸው። የሉዊቪል ተጫዋቾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኳስ፣ አንድ በአንድ፣ በፉጨት ተቀጡ። ሮቢንሰን በኋላ የእንግዳ አቀባበሉን ባይወድደውም የደጋፊዎቹን ቁጣ ምክንያት ሲያስበው ልቡ እንደተነካ ተናግሯል። ሮያልስ ተከታታይ ሦስት ጨዋታ አሸነፈ። ኦክቶበር 4 ቀን 1946 የመጨረሻውን 2 ለ 0 ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ።

ሕዝቡ አልወጣም። ሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ ዘመረ፤ ሮቢንሰንን ከመልበሻ ክፍሉ አስጠርቶ አቀፈው፣ ሳመው፣ በትከሻው ተሸከመው። ሮቢንሰን ሊሄድበት የሚገባ ጉዞ ነበረበትና ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ ሮጠ፤ ሕዝቡም ተከትሎት በጎዳናው ሮጠ። ወዳጁ የነበረው የሞንትሪያል ጋዜጠኛ ሳም ማልቲን ያየውን ሲጽፍ፣ ነጮች ጥቁርን ሰው ሊሰቅሉት ሳይሆን ወድደውት ያሳደዱበት ቀን በታሪክ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም አለ። ክሌይ ሆፐርም፣ ያ ከሚሲሲፒ የመጣው ሰው፣ ከመለያየታቸው በፊት እጁን ዘርግቶ ታላቅ ተጫዋችም ጨዋ ሰውም ነህ አለው።

ከስድስት ወር በኋላ ያቺ ወረቀት ብሩክሊን ላይ ታደለች።

ሲሰጥ የኖረ

ሮቢንሰን ሲሄድ ሞንትሪያል እጇን አላጠፈችም። በ1947 ሮይ ካምፓኔላ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የብሩክሊን ነው። ከእሱ በኋላ ዶን ኒውኮም መጣ፤ እሱም ሄደ። ሳም ጄትሮ በ1949 89 ቤዝ ሰርቆ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረና ከዚያ በኋላ ወደ ቦስተን ተሸጠ። ዱክ ስናይደር፣ ጂም ጊሊያም፣ ጆ ብላክ፣ ዶን ድራይስዴል፣ ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ሁሉም በደሎሪሚየር ሣር ላይ ሮጠዋል። ከ1950 እስከ 1953 ያሠለጠነው ወልተር አልስተን በቀጥታ ዶጀርስን እንዲመራ ተወስዶ ለ23 ዓመት መራው።

ብሩክሊን ለዘመናት ሲመኘው የኖረውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው ኦክቶበር 4 ቀን 1955 ነው፤ ሮያልስ ሉዊቪልን ካሸነፈ ልክ ዘጠኝ ዓመት። አሰልጣኙ አልስተን ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ድሉን ያዳነው ደግሞ አሞሮስ ወደ ግራ ጥግ ሮጦ የያዛት ኳስ ናት። ያን ቀን ብሩክሊን ስትጨፍር፣ ሞንትሪያል ውስጥ አንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ስሞቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ እነዚህማ የእኛ ልጆች ናቸው ብሎ ይሆናል። ማንም አይከራከረውም።

በማሳው ሊሸሸግ የታሰበ ዘርም ነበር። በ1954 ብሩክሊን የ19 ዓመቱን የፖርቶ ሪኮ ልጅ ሮቤርቶ ክሌሜንቴን በ10,000 ዶላር አስፈረመ። በጊዜው ደንብ ከ4,000 ዶላር በላይ የተከፈለው ጀማሪ በዋናው ቡድን ካልተያዘ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል። ክሌሜንቴ ሞንትሪያል ላይ ዓመቱን አብዛኛውን በአግዳሚ ወንበር አሳለፈ፤ ሌሎች እንዳያዩት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ፒትስበርግ ግን አየው፤ በኖቬምበር ወሰደው። ከዚያ 3,000 ምት መትቶ፣ በ1972 የመጨረሻ ቀን ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች ርዳታ ይዞ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሁሉም ግን አልሄደም፤ እዚህ ላይ የአነስተኛ ሊግን ሌላ ገጽታ እናያለን። ቶሚ ላሶርዳ የተባለው ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ብሩክሊን ጠርቶት ብዙም ሳይቆይ ይመልሰዋል። ለዋናው ሊግ አልበቃም፤ ለሞንትሪያል ግን በዝቶ ተረፈ። 107 ጨዋታ አሸንፎላት በቡድኑ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። የኩቤኩ ተወላጅ ዦን ፒየር ሮይም በ1945 ብቻ 25 ጨዋታ አሸንፎ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩራት ሆኖ ነበር፤ በኋላም ቤዝቦልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለወገኖቹ ሲያስተላልፍ ኖረ። እንዲህ ያሉት ሰዎች ባይኖሩ ሮያልስ ሻንጣ የሚቀመጥበት ጣቢያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ቤት ያደረጉት የቀሩት ናቸው።

ሮያልስ ትንሹን የዓለም ዋንጫ በ1946፣ በ1948 እና በ1953 ወስዷል። ከአነስተኛ ሊግ ቡድኖች መካከል በዚያ ዘመን የሚመስሉት ጥቂት ነበሩ።

ጌታው ቤት ሲቀይር

ሞቱ በዝግታ መጣ። በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ። ቀድሞ ዋናውን ሊግ በጋዜጣ ብቻ የሚያውቅ ሰው አሁን ሳሎኑ ተቀምጦ ያያል፤ ከዚያ በኋላ አነስተኛው ሊግ በዓይኑ አነሰ። ይህ በሞንትሪያል ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1949 የነበሩት 59 ሊጎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 20 ገደማ ወርደዋል።

ለሮያልስ ግን የተለየ ምክንያትም ነበር። ዶጀርስ ከ1957 በኋላ ብሩክሊንን ለቆ ሎስ አንጀለስ ገባ። ደሎሪሚየርና ብሩክሊን በባቡር የአንድ ሌሊት መንገድ ነበሩ፤ አሁን በመሐላቸው አህጉር ተዘረጋ። ለሎስ አንጀለስ በምዕራብ ያለው ስፖኬን ይቀርባል። ሮያልስ በ1958 አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ወንበሮቹ ግን ባዶ ነበሩ። ከ1960 ውድድር በኋላ ዶጀርስ ውሉን አቋረጠ፤ በሊጉ የመጫወት ፈቃዱ ወደ ሲራኪዩስ ሄደ፤ ከ1961 ጀምሮ ቡድኑ በሌላ ስም የሌላ ከተማ ሆነ። ያቺ በ1946 ጥቁር ድመት የተለቀቀባት ከተማ የሮያልስን ቦታ ወረሰች።

እንዲህ ያለ ቡድን ሲፈርስ ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ማንም አልበደለውም፤ የተመሠረተበት ውል ራሱ መጨረሻውን ይዞ ነው የተወለደው። ማሳ የሚኖረው ባለቤቱ እስከፈለገው ድረስ ነው። በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ዋና ሊግ በሥሩ ያሉትን 160 ቡድኖች ወደ 120 ሲቀንስ፣ 40 ያህል ከተሞች ሞንትሪያል በ1960 የተማረችውን ትምህርት ተማሩ። ፍቅሩ የከተማው ነው፤ ፊርማው ግን የሌላ ነው።

የቀረው

ሞንትሪያል በ1969 የራሷን ዋና ሊግ ቡድን አገኘች፤ ኤክስፖስ ይባላል፤ ከአሜሪካ ውጪ የመጀመሪያው ነው። በ1981 ኤክስፖስ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለመድረስ አንድ ጨዋታ ቀረው። ኦክቶበር 19 ቀን፣ በራሱ ሜዳ፣ በመጨረሻው ዙር፣ በአንድ የዶጀርስ ምት ተሸነፈ። የዶጀርስ አሰልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ ነበር፤ ለሞንትሪያል 107 ጊዜ ያሸነፈላት ያው ግራኝ። ኤክስፖስም ከ2004 በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ደሎሪሚየር ስታዲየም ፈርሶ ዛሬ በቦታው ትምህርት ቤት ቆሟል። የሮቢንሰን ሐውልት በኦሎምፒክ ስታዲየም አጠገብ አለ።

ከሁሉም ይልቅ የሮያልስን ትርጉም የምናይባት ቦታ ግን ሌላ ናት። በሰሜን ሞንትሪያል፣ ቪልሬ በሚባለው ሰፈር፣ በደ ጋስፔ ጎዳና ላይ አንድ ባለሁለት ፎቅ ተራ ቤት አለ። ከ2011 ጀምሮ ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። በ1946 ጃኪና ሬቸል ቤት ፍለጋ ሲሄዱ አከራይዋ ሻይ አፍልታ ተቀበለቻቸው፤ ፊቷም ቃሏም አልተለወጠም። ፍሎሪዳን አይታ ለመጣችው ሬቸል ይህ ከዋንጫ በላይ ነበር። ጎረቤቶቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ቋንቋ አያግባባቸውም። ሬቸል ግን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ይህን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ልጆቹ ከገበያ ስትመለስ ዕቃዋን ይሸከሙላታል። ሴቶቹ ሆዷ ሲገፋ የምትለብሰውን ልብስ አብረዋት ይሰፋሉ። ከጦርነቱ የተረፈው የምግብ ራሽን ገና አላለቀም ነበርና ሥጋና ቅቤ በኩፖን ነው የሚገኘው። ጎረቤቶቿ ከራሳቸው ኩፖን ቆርሰው ይሰጧት ነበር፤ እርጉዝ ሴት በደንብ መብላት አለባት ብለው።

የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ባሏ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ሮያልስ ተጫዋች የሚያቆይ ቡድን አልነበረም፤ ይህ ጎበዝ ደግሞ ከአንድ ክረምት በላይ እንደማይቆይ ልጆቹ እንኳ ያውቃሉ። ሕፃኑም ሌላ ከተማ እንደሚያድግ ያውቃሉ። ኩፖኑን የሰጡት ይህን እያወቁ ነው። ወርቁ የሰው ነበር፤ ያነጠሩት ግን እነሱ ናቸው፤ ከቡድኑ የቀረው ድምቀትም የእነሱ ነው።